ሜዳው ሲሞላ፦ በወረፋና በሰንሰለት መካከል የሚደረግ ምርጫ

በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ የሚኖር ኢትዮጵያዊ «ሰፈሬ ኦልድ ኤርፖርት ነው» ብሎ አዲስ አበባ ላለ ወዳጁ ቢነግረው፣ አድማጩ ለአፍታ ግር ሊለው ይችላል። አዲስ አበባም በዚሁ ስም የሚጠራ የታወቀ ሰፈር አላትና። ሁለቱ ሰፈሮች በባሕርና በበረሃ ይራራቁ እንጂ የስማቸው ምንጭ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም በአጠገባቸው አውሮፕላን ማረፊያ የነበረባቸው፣ ሜዳው ሲጠብ ደግሞ ሥራው ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውሮ ስሙ ብቻ የቀረላቸው መንደሮች ናቸው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1946 የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ መነሻው የልደታ ሜዳ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጄት አውሮፕላኖች ሲመጡ ግን የልደታ ማኮብኮቢያ የሚበቃ ባለመሆኑ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። የዶሃው ኦልድ ኤርፖርት በዓረብኛ አል ማጣር አል ቀዲም ይባላል፤ ትርጉሙም ያው አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ማለት ነው። በዶሃ ሜትሮ ቀይ መስመር ላይም በዚሁ ስም የሚጠራ ጣቢያ አለ። በዚያ የነበረው የዶሃ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ 4,570 ሜትር የሚረዝም ማኮብኮቢያ ነበረው፤ በዓለም ከሚገኙት ረጃጅም የሲቪል ማኮብኮቢያዎች አንዱ ሆኖም ሲጠቀስ ኖሯል። ይሁን እንጂ ማኮብኮቢያው አንድ ብቻ ነበር፤ መንገደኞችም ከሕንፃው ወደ አውሮፕላኑ የሚጓጓዙት በአውቶቡስ ነበር። አዲሱ የሐማድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 2014 ለጥቂት አየር መንገዶች ተከፈተ። በዚያው ዓመት ሜይ 27 ቀን ደግሞ የኳታር አየር መንገድን ጨምሮ የተቀሩት በሙሉ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አዲሱ ገቡ።

ሜዳ ሲሞላ ምን ይደረግ የሚለው ይህ ጥያቄ በአውሮፕላን ማረፊያዎች ብቻ የሚነሣ አይደለም። በእያንዳንዱ ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ሰከንድ፣ ሺህ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ ነው። የኮምፒውተሩን ሥርዓት ራሱን የሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞችን የሚጽፉ ባለሙያዎች «ኪው ልጠቀም ወይስ ሊንክድ ሊስት?» ሲሉ የሚያነሡት ክርክር ሥሩ እዚሁ ላይ ነው። የመጀመሪያው ወረፋ፣ ሁለተኛው ሰንሰለታዊ ዝርዝር በሚል ሊጠራ ይችላል። ምርጫው የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ቢመስልም መዘዙ ከዶሃ ወደ አገር ቤት ስልክ የሚደውለውን ሰው ጆሮ ሳይቀር ይነካል።

ሕግና አቀማመጥ

ወረፋ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል፤ ኋላ የመጣ ከኋላ ይቆማል። በአዲስ አበባ የታክሲ መያዣዎች ተራ አስከባሪው የሚጠብቀው ሕግ ይኸው ነው። በኮምፒውተርም ውስጥ ወረፋ ከዚህ የተለየ ትርጉም የለውም። ከቁልፍ ሰሌዳ የተነኩ ፊደላት፣ ወደ ማተሚያ የተላኩ ሰነዶች፣ ከኢንተርኔት የገቡ የመረጃ እሽጎች ሁሉ በአንድ በር ገብተው በሌላ በር እንደ አመጣጣቸው ይወጣሉ።

ሕጉ አንድ ቢሆንም ሰዎች ተራቸውን የሚይዙበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። በአንዳንድ ባንኮች ባለጉዳይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ወስዶ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ቁጥሩ ሲጠራ ይነሣል። ወንበሮቹ የተቆጠሩ ናቸው፤ ሥፍራቸውም የታወቀ ነው። በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ሰው በተበታተነበት የጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ አዲስ የመጣው «መጨረሻው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «እኔ ነኝ» ያለውን ሰው መልኩን ይይዝና ጥላ ሥር ሄዶ ይቀመጣል። ሁሉም ከማን ቀጥሎ እንደሆነ ያውቃል፤ ሙሉውን ሰልፍ ግን በዓይኑ የሚያየው የለም። ሰልፉ ያለው በእያንዳንዱ ሰው ትውስታ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው አያያዝ በኮምፒውተር ቋንቋ ድርድር ወይም አሬይ የሚባለው ነው። ነገሮች ጎን ለጎን፣ በተከታታይ ቁጥር ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ሰንሰለታዊ ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ነገር በማኅደረ ትውስታው ውስጥ የትም ሊቀመጥ ይችላል፤ ከራሱ ጋር ግን የጎረቤቱን አድራሻ ይይዛል። ይህም አድራሻ ጠቋሚ ይባላል። የሰንሰለቱ ራስ ከታወቀ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተጠየቀ መጨረሻው ድረስ ይደረሳል።

ስለዚህ «ወረፋ ወይስ ሰንሰለት?» የሚለው ጥያቄ በአነሣሡ ሚዛኑን የሳተ ነው። ወረፋ ሕግ ነው፤ ሰንሰለት ደግሞ አቀማመጥ። ወረፋን በሰንሰለት ማቆም ይቻላል፤ በድርድርም ማቆም ይቻላል። የሁለቱ መደባለቅ ታላላቆቹን ሥራዎች እንኳ አልፏል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ከተስፋፋው የዩኒክስ ሥርዓት የተወረሰው «ኪው ዶት ኤች» የተሰኘው የታወቀ ፋይል በስሙ ወረፋ ይባል እንጂ በውስጡ የሚገኙት ዐራቱ የአያያዝ ዓይነቶች ሁሉም ሰንሰለቶች ናቸው። ትክክለኛው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ የያዝነው ሥራ ተራው የሚጠበቅለት በተቆጠረ ወንበር ነው ወይስ በሰንሰለት?

ጋሪውና ቀበቶው

ሁለቱም አያያዞች በየትኛውም አውሮፕላን ማረፊያ በዓይን ይታያሉ። አውሮፕላኑ እንዳረፈ ሻንጣ ለማራገፍ የሚመጣው ትንሽ ትራክተር ከኋላው እርስ በርሳቸው የተቆላለፉ ጋሪዎችን ይጎትታል። ሻንጣ ከበዛ አንድ ጋሪ ይጨመራል፤ ካነሰ አንዱ ይፈታል። ከመሐል አንዱን ማውጣት ካስፈለገም የፊቱንና የኋላውን መንጠቆ ፈትቶ የቀሩትን ማያያዝ ይበቃል፤ ሌሎቹ ጋሪዎች አይነኩም። ይህ ሰንሰለታዊ ዝርዝር ነው።

መንገደኛው በውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው የሻንጣ ቀበቶ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ርዝመቱ የተወሰነ ነው፤ ሲዞር ይኖራል። አንድ ሻንጣ ሲነሣለት በዚያው ክፍት ቦታ ሌላ ይተካበታል። ቀበቶው ከሞላ ከውጭ የሚያቀብለው ማጓጓዣ ይቆማል፤ ቦታ እስኪገኝም ይጠብቃል። መንገደኛው ሻንጣውን ባየበት ስለሚያነሣ ተራው በጥብቅ አይጠበቅም እንጂ አሠራሩ ባለሙያዎቹ ክብ ወረፋ ወይም ሪንግ በፈር ለሚሉት ድርድር ቅርብ ምሳሌ ነው። በክብ ወረፋ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ይያዛሉ። አንዱ የሚቀጥለው ገቢ የሚቀመጥበትን ሥፍራ፣ ሌላው የሚቀጥለው ወጪ የሚነሣበትን ሥፍራ ያመለክታል። ቁጥሮቹ መጨረሻ ሲደርሱ ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። ነገሩ አንዴ ከተቀመጠበት አይነቃነቅም፤ የሚዞሩት ቁጥሮቹ ናቸው።

ሁለቱም አያያዞች ረጅም ታሪክ አላቸው። የወረፋ ሒሳብ የተጀመረው ኮምፒውተር ሳይፈጠር ነው። ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በኮፐንሀገን የስልክ ኩባንያ ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች አመጣጥ ያሳተሙት ጽሑፍ የዘርፉ መነሻ ሆኖ ይቆጠራል። ሰንሰለታዊ ዝርዝርን በ1950ዎቹ አጋማሽ ያዳበሩት ደግሞ አለን ኒውዌል፣ ክሊፍ ሾውና ኸርበርት ሳይመን ናቸው። ሦስቱ ተመራማሪዎች ማሽን እንዲያስብ ሲሞክሩ የሐሳቡ ርዝመት አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ በተቆጠረ ወንበር የማይታሰር አያያዝ አስፈለጋቸው።

የጠቋሚ ዋጋ

ሰንሰለት በወረቀት ላይ ሲታይ እጅግ የተመቸ ነው። አይሞላም፤ መጨረሻው ከታወቀ አዲስ ነገር መቀጠልም ሰንሰለቱ አሥር ሆነ አሥር ሚሊዮን ያው አንድ እርምጃ ነው። ብዙ ጀማሪ ፕሮግራመሮች ሰንሰለትን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ማሽኑ ለዚህ ምቾት ሁለት ዓይነት ግብር ያስከፍላል።

የመጀመሪያው የቦታ ግብር ነው። በዛሬዎቹ ባለ 64 ቢት ማሽኖች አንድ ጠቋሚ 8 ባይት ይወስዳል። 4 ባይት ብቻ የሚፈልግ ቁጥር በሰንሰለት ሲያዝ ጠቋሚው ይጨመርበታል፤ ለማስተካከያ የሚባክነው ቦታና ማኅደሩን የሚያከፋፍለው ፕሮግራም ለራሱ መዝገብ የሚይዘው ቦታም አለ። በሊኑክስ ላይ በተለመደው የማኅደር አከፋፋይ ሲለካ አንዱ ቁጥር 32 ባይት ይዞ ይገኛል። አንድ ሚሊዮን ቁጥር በድርድር 4 ሚሊዮን ባይት ሲበቃው በሰንሰለት 32 ሚሊዮን ይጠይቃል ማለት ነው። ስምንት እጥፍ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው የጊዜ ግብር ሲሆን ይህ የበለጠ ይከብዳል። የኮምፒውተሩ አንጎለ ኮምፒውተር ከዋናው ማኅደረ ትውስታ አንድ ነገር ለማምጣት 100 ናኖ ሰከንድ ያህል ሊጠብቅ ይችላል። በአጠገቡ ካለው ካሽ ከተባለ ጓዳ ለማንሣት ግን 1 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ማሽኑ ከዋናው ማኅደር ሲያመጣ ደግሞ በጭልፋ አይቀዳም፤ በተለመዱት አንጎለ ኮምፒውተሮች 64 ባይት በአንድ ጊዜ ያመጣል። ነገሮቹ ጎን ለጎን የተደረደሩ ከሆነ ባለ 4 ባይት ቁጥሮች ዐሥራ ስድስቱ በአንድ ጉዞ ይመጣሉ። ከዚህም በላይ ማሽኑ ወደፊት የሚፈለገውን ገምቶ አስቀድሞ ያመጣል። በሰንሰለት ግን የሚቀጥለው የት እንዳለ የሚታወቀው የአሁኑ ከተነበበ በኋላ ነው። በጤና ጣቢያው ግቢ «ከአንተ ቀጥሎ ማን ነው?» እያሉ አንድ በአንድ ከጥላ ወደ ጥላ እንደ መዞር ነው።

የሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ፈጣሪ ቢያርነ ስትሮስትሩፕ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2012 ባደረጉት ንግግር በሰፊው አሳይተዋል። በዝርዝር መሐል ማስገባትና ማውጣት ለሰንሰለት የሚያደላ ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቦታው በቅድሚያ መፈለግ ካለበት ፍለጋው ራሱ ጊዜውን ይበላዋል፤ ድርድሩም ነገሮችን እያገፋ እንኳ ይቀድማል። በሥርዓት ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ባለሙያዎች «መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ ምረጥ» የሚሉት ስለዚህ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ሦስተኛ ችግር አለ። ተራ ሰንሰለት አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር አዲስ ቦታ መጠየቅ ይኖርበታል። ጥያቄው ሊዘገይ፣ ሊከለከልም ይችላል። የኔትወርክ ካርዱ «እሽግ መጥቷል» ብሎ አንጎለ ኮምፒውተሩን ሥራ በሚያስቆምበት ቅጽበት ቁጭ ብሎ ቦታ መጠበቅ አይፈቀድም። ስለዚህ የኔትወርክ ካርዶች ከሥርዓቱ ጋር የሚነጋገሩት አስቀድሞ በተቆጠሩ ክፍሎች በተሠራ ክብ ወረፋ ነው። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለው «ኬፊፎ»ም እንዲሁ ክብ ነው። የወንበሮቹ ቁጥር ሁልጊዜ የሁለት ርቢ ነው፤ አንድ ብቻ የሚያስገባና አንድ ብቻ የሚያወጣ ከሆነም ሁለቱ ያለ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ሊሠሩበት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ሊኑክስ የገባው «አይኦ ዩሪንግ»ም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። በፕሮግራሙና በከርነሉ መካከል ሁለት ክብ ወረፋዎች አሉት፤ በአንዱ ጥያቄ ይገባል፣ በሌላው መልስ ይመለሳል።

ከመሐል ለሚወጡት

ይህ ሁሉ ሰንሰለትን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል ማለት አይደለም። የሊኑክስን ከርነል የከፈተ ሰው በየሥፍራው የሚያገኘው «ሊስት ሄድ» የተባለ ባለሁለት አቅጣጫ ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ ነገር የፊተኛውንም የኋለኛውንም አድራሻ ይይዛል፤ መጨረሻውም ወደ ራሱ መጀመሪያ ይመለሳል። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ጠቋሚዎቹ የሚቀመጡት በራሱ በነገሩ አካል ውስጥ በመሆኑ፣ ነገሩ ወደ ሰንሰለቱ ሲገባ አዲስ ቦታ መጠየቅ አያስፈልግም። ጋሪው ከፋብሪካ ሲወጣ መንጠቆው አብሮት እንደ ተበየደለት ማለት ነው።

የሰንሰለት ጥንካሬ የሚገለጠው ተራው ሳይደርስ የሚወጣ ሲኖር ነው። በብዙ የዓለም አየር ማረፊያዎች የበረራ ተቆጣጣሪዎች ለእያንዳንዱ አውሮፕላን አንዲት ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በማቀፊያ አድርገው በተርታ ያኖራሉ፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ይህ በስክሪን ተተክቷል። በሽተኛ የያዘ አውሮፕላን ሲመጣ ቁራጩ ከነበረበት ተነሥቶ ከፊት ይገባል፤ ጉዞው የተሰረዘበት ደግሞ ከመሐል ይወጣል። በኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ሰዓቱ ሳይደርስ የሚሰረዝ ቀጠሮ፣ በመጠባበቅ ላይ ሳለ የሚዘጋ ፕሮግራም፣ ቅድሚያው ተቀይሮ ወደ ሌላ ወረፋ የሚዛወር ሥራ ሁሉ ከመሐል መውጣት አለባቸው። የሚወጣው ነገር በእጅ ካለና ሰንሰለቱ ባለሁለት አቅጣጫ ከሆነ ጎረቤቶቹን ማስተዋወቅ ብቻ ይበቃል። በድርድር ቢሆን ወይ ባዶ ወንበር ይቀራል ወይም ከኋላ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ወንበር መጠጋት አለበት።

የሊኑክስ ሥራ አከፋፋይ ለጊዜ-ወሳኝ ሥራዎች የሚጠቀምበት አያያዝ ሁለቱን ያስታርቃል። መቶ የቅድሚያ ደረጃዎች በድርድር ተቀምጠዋል፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ደግሞ አንድ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። የደረጃዎቹ ቁጥር አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ድርድር ተገባ። በየደረጃው ስንት ሥራ እንደሚሰለፍ ግን አይታወቅም፤ ሥራዎቹም ይወጣሉ፣ ይዛወራሉ። ስለዚህ በዚያ ሰንሰለት ተገባ።

«ሞልቷል» ማለት

እስካሁን የተነሣው የፍጥነትና የቦታ ጉዳይ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ወረፋው ሲሞላ ማን ይናገራል?

የተቆጠረ ወንበር ያለው ወረፋ «ሞልቷል» ይላል። ሰንሰለት አይልም። ማኅደረ ትውስታው እስኪያልቅ ድረስ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። የጃቫ ቋንቋ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። በድርድር ላይ የቆመው ጠባቂ ወረፋው ሲፈጠር ልኩ የግድ እንዲነገረው ይጠይቃል። በሰንሰለት ላይ የቆመው ግን ልክ ካልተነገረው 2,147,483,647 ነገር ድረስ እንደሚይዝ አድርጎ ይጀምራል። በተግባር ይህ ልክ የለሽ ማለት ነው። ቀን ከሌት ችግር ሳያሳይ ይሠራል፤ ሥራ በበዛበት ዕለት ግን ወረፋው በዝምታ ይረዝማል። በመጨረሻም መላው ፕሮግራም በማኅደር እጦት ይወድቃል። ቀድሞ አንድ ደንበኛ «ቆይተህ ተመለስ» ቢባል ኖሮ የቀሩት ይስተናገዱ ነበር።

አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጡት ሕግ ነገሩን በአንድ መስመር ያስቀምጠዋል። በወረፋ ውስጥ ያሉት አማካይ ብዛት ከመምጫቸው ፍጥነትና እያንዳንዱ ከሚቆይበት አማካይ ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። በደቂቃ 10 ሰው መጥቶ 10 ሰው በሚጫንበት የታክሲ ሰልፍ ላይ 200 ሰው ቆሞ ከታየ አዲስ የመጣው 20 ደቂቃ ይጠብቃል። የመቆሚያውን አጥር ማስፋት ታክሲ አያመጣም። ረጅም ወረፋ ትልቅ አቅም ይመስላል እንጂ አቅም አይደለም፤ የተጠራቀመ መዘግየት ነው።

ይህ ሕግ በኦልድ ኤርፖርት ባለ አንድ የጋራ መኖሪያ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ማሰላሰል ይቻላል። ዓርብ በኳታር የዕረፍት ቀን ነው፤ ከተለያየ አገር የመጡ ሠራተኞች ከቤተሰባቸው ጋር የሚነጋገሩበትም ነው። በአንድ የኢንተርኔት መስመር ላይ አንዱ ነዋሪ የሠርግ ቪዲዮ ወደ አገር ቤት ይልካል እንበል። ሌላዋ ደግሞ ደሴ ላሉት እናቷ ትደውላለች። መስመሩ ወደ ውጭ የሚልከው በሰከንድ 10 ሚሊዮን ቢት ነው እንበል። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ወረፋ 1,000 እሽግ የሚይዝ ከሆነና እያንዳንዱ እሽግ 1,500 ባይት ከሆነ፣ ወረፋው ሲሞላ 12 ሚሊዮን ቢት ተጠራቅሟል። ይህን ለማራገፍ 1.2 ሰከንድ ያስፈልጋል። የልጅቷ «እንደምን ዋልሽ እማ?» የሚለው ድምፅ ከቪዲዮው እሽጎች ኋላ ተሰልፎ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይቆያል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ የስልክ ንግግር የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ግን ከ150 ሚሊ ሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። እናት «ሃሎ» ይላሉ፣ ልጅ በዚያው ጊዜ ትናገራለች፤ ሁለቱም ይቆማሉ፣ ሁለቱም እንደገና ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜ የሚወቀሰው የመስመሩ ፍጥነት ነው። ጥፋቱ ግን የወረፋው ርዝመት ሊሆን ይችላል።

የ1,000 እሽግ ልክ ከአየር የተወሰደ አይደለም። በሊኑክስ ለረጅም ዓመታት የተለመደው የመላኪያ ወረፋ ልክ ይኸው ነበር። ማኅደር በረከሰ ቁጥር መሣሪያ አምራቾች «እሽግ ከሚጣል ይቆይ» በሚል ቅን ሐሳብ ወረፋዎችን አስረዘሙ። ነገር ግን በኢንተርኔት ላይ ላኪው ፍጥነቱን መቀነስ እንዳለበት የሚያውቀው በአብዛኛው አንድ እሽግ ሲጣል ነው። ወረፋው እምቢ ካላለ ላኪው መጨናነቁን አይሰማም፤ መላኩንም ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ጂም ጌቲስ የተባሉ መሐንዲስ ይህን ችግር በገዛ ቤታቸው መስመር ላይ መርምረው «በፈርብሎት» በሚል ስም ለዓለም አሳወቁ። የመጠባበቂያ ሥፍራ ከልክ በላይ ማበጥ እንደ ማለት ነው።

መፍትሔው በ2012 ከካትሊን ኒኮልስና ከቫን ጃኮብሰን መጣ። «ኮዴል» የተባለው ስልታቸው የወረፋውን ርዝመት መቁጠሩን ትቶ እሽጉ በወረፋው ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ይለካል። መቆየቱ ለ100 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያለማቋረጥ ከ5 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከሆነ እሽግ መጣል ይጀምራል። ከዚህ የተወለደውና በ2018 በሰነድ የታተመው «ኤፍኪው ኮዴል» ደግሞ ንግግሩን ከቪዲዮው ይለያል። በተለመደው አሠራሩ 1,024 ወረፋዎች በድርድር ተቀምጠዋል፤ በእያንዳንዳቸውም ውስጥ እሽጎቹ በሰንሰለት ተያይዘዋል። እያንዳንዱ የመረጃ ፍሰት በየራሱ ወረፋ ይሰለፋል፤ ቀጭኑ የድምፅ ፍሰት ከወፍራሙ የቪዲዮ ፍሰት ኋላ እንዲቆም አይገደድም። የልጅቷ ሰላምታ በተራው ይወጣል፤ ቪዲዮውም ይደርሳል።

ከመምረጥ በፊት

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሥርዓት ፕሮግራም ጸሐፊ ከመምረጡ በፊት ለራሱ ሊያቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ዐራት ናቸው። አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ ሊሰለፍ የሚችለው ብዛት አስቀድሞ ይታወቃል ወይ? የሚታወቅ ከሆነ ክብ ወረፋ በቦታም በጊዜም ይረክሳል። ሁለተኛ፣ ተራው ሳይደርስ ከመሐል የሚወጣ አለ ወይ? ካለ ጠቋሚውን በራሱ አካል የያዘ ባለሁለት አቅጣጫ ሰንሰለት ይሻላል። ሦስተኛ፣ ነገሩ በሚገባበት ቅጽበት ማኅደር መጠየቅ ይፈቀዳል ወይ? የማይፈቀድ ከሆነ ቦታው አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ዐራተኛውና ዋናው፣ ሲሞላ ምን ይደረጋል? አዲሱ ይመለስ፣ አሮጌው ይጣል፣ ላኪው ይጠብቅ ወይስ ሜዳው ይስፋ? ሰንሰለትን የመረጠ ሰው እንኳ ልክ አበጅቶለት፣ ቆጣሪ አኑሮለት ይህን ጥያቄ መመለስ ይችላል፤ ይገባዋልም። ሰንሰለት ልክ የለሽ የሚሆነው ጸሐፊው ልክ ሳያበጅለት ሲቀር ነው።

ሜዳውን ማስፋትም ቢሆን ዋጋ አለው። ድርድር ሲሞላ ትልቅ ቦታ ተፈልጎ ሁሉም ወደዚያ መገልበጥ አለበት፤ ልደታ ወደ ቦሌ፣ የዶሃው አሮጌ ማረፊያ ወደ ሐማድ እንደ ተዛወሩ ማለት ነው። ዝውውሩ አልፎ አልፎ የሚመጣ ስለሆነ በአማካይ ሲታይ ቀላል ነው፤ በዚያች ዕለት ግን ሥራው ሁሉ ለጓዝ መጠቅለያ ይውላል። መዘግየትን ለማይችል ሥርዓት ያቺ ዕለት አደጋ ናት።

ሦስተኛ መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኳታር የዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ ሐማድ ብቻውን የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ እንዲሸከም አልተደረገም፤ ሌላ ሰፊ ሜዳም አልተሠራም። በሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 አሮጌው ማረፊያ እንደገና ተከፈተ። ውድድሩ ከኖቬምበር 20 እስከ ዲሴምበር 18 ሲካሄድ ከአጎራባች አገሮች የሚመላለሱ በረራዎች በዚያ ሲስተናገዱ ቆዩ። አንዱ ሜዳ ሲጠብብ ሁለተኛው ተቀጠለ። ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ይህን ያውቁታል። ድርድሮችን በክፍልፋይ ሠርተው ክፍልፋዮቹን በጠቋሚ ያያይዛሉ። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ነገሮቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ ማሽኑ በፍጥነት ያነባቸዋል። ክፍሉ ሲሞላም ሌላ ክፍል ይቀጠላል፤ ሥራው ሲቀንስ ደግሞ የተቀጠለው ክፍል ይፈታል፣ ቦታውም ለሌላ ሥራ ይመለሳል።